ለንቅለ ተከላ ለሚዘጋጅ ሰው የትኛው የትኩሳት መለኪያ ይሻላል?

ለስቴም ሴል (ደም ለሚያመርቱ የመቅኒ ሴሎች) ንቅለ ተከላ የሚዘጋጅ ሰው ያለበት ቤት ብዙ ዕቃ ይገዛል። ማስክ፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ሻሽ። እነዚህ ላይ ብትሳሳቱ ነገ ይታረማል። የትኩሳት መለኪያው ላይ ግን አደራ፣ አትቸኩሉ።

ንቅለ ተከላው ውጭ አገር ቢሆንም፣ ከዚያ በፊት ባሉት የኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ዙሮች ታማሚው ብዙውን ቀን የሚያሳልፈው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ቤቱ ነው። ኬሞው መቅኒውንም ስለሚመታ ኢንፌክሽን የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል ይወርዳል። በዚያን ጊዜ ኢንፌክሽን ቢገባ መግልም እብጠትም ላይታይ ይችላል። ብቸኛው ምልክት ትኩሳት ሊሆን ይችላል። ግንባር በመዳፍ ነክቶ «ደህና ነው» ማለት እዚህ አይሠራም።

የመስታወቱ ባለ ሜርኩሪ ባትሪ አይፈልግም፣ በደንብ ከተያዘም ልኬቱ ይታመናል። ግን ብብት ውስጥ 5 ደቂቃ ያህል መቆየት አለበት። መብራት በጠፋበት ሌሊት ያቺን ቀጭን መስመር ማንበብም ፈተና ነው። ከተሰበረ ትነቱ መርዝ ነው። ሜርኩሪን የሚገድበው ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት ምርቱ እስከ 2020 እ.ኤ.አ. እንዲቆም ያስቀመጠውም ለዚህ ነው። እኔ አልመርጠውም።

ግንባር ላይ የሚደገነውን ከኮሮና ወዲህ የማያውቀው የለም። በሰከንድ ይለካል፣ የተኛ ሰው አይቀሰቅስም። ችግሩ የሚያነበው የቆዳን ሙቀት መሆኑ ነው። በሚያዝያ ፀሐይ ከጣና ዳር በባጃጅ የመጣ ሰው ግንባሩ ይግላል። ላብና ቬንትሌተር ደግሞ ቁጥሩን ዝቅ ያደርጉታል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው፤ ትኩሳት እያለ «የለም» ሊል ይችላል። በር ላይ ጠያቂ ለመለካት ይሁን፣ ለታማሚው ግን ብቻውን አይበቃም።

ምርጫዬ ተራው ዲጂታል ነው። ዋጋው ከሚደገነው በብዙ ያነሰ ነው፣ ሲጨርስም ይጮኻል። በምላስ ሥር ወይም በብብት ይለካል። ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ለኩ። ኬሞው አፍ ካቆሰለ በብብት ይሁን። የብብት ልኬት ከአፍ ግማሽ ዲግሪ ያህል ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ የት እንደለካችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። በፊንጢጣ ግን በፍጹም! ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል) ሲወርድ ይደማል፣ ጀርምም ይገባል።

ፋርማሲው ባንኮኒ ላይ አስከፍታችሁ ሞክሩት። በሴልሺየስ መሆኑን እዩ፤ 100.4 ካለ ፋራናይት ነው፣ 38 ዲግሪ ማለት ነው። መለዋወጫ ባትሪ ጨምሩ። መለኪያው የታማሚው ብቻ ይሁን፣ በአልኮል ይጠረግ።

ብዙ የካንሰር ሕክምና ማዕከላት አንድ ጊዜ 38.3፣ ወይም ለአንድ ሰዓት የቆየ 38 ሲሆን አስቸኳይ ይሉታል። የእናንተ ሐኪም የሚለውን ቁጥር ጠይቃችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ሳትለኩ ፓራሲታሞል አትስጡ፣ ትኩሳቱን ይደብቀዋል። ቁጥሩ ከደረሰ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ፀረ ተህዋሲያኑ ሆስፒታል በደረሳችሁ በ1 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ሌሊት ደውላችሁ የሚመጣላችሁን ሹፌር ስልክ ከአሁኑ ከቁጥሩ ሥር ጻፉት።