የመኪና ኢንሹራንስ እድሳት፦ ካሳ ላይ ጎበዝ፣ ዋጋ ላይ ግን ደንበኛን የማያከብር አገልግሎት

ሰላም ለሁላችሁም፣ ዛሬ የምጽፈው ለዓመታት ስለተጠቀምኩበት የመኪና ኢንሹራንስ ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም ከሌሎች ባለመኪናዎች ጋር ሳወራ ሌሎቹም ጋ ያለው ነገር ተመሳሳይ ነው፣ አንዱን ብቻ ነጥዬ ስሙን ባጠፋ ፍትሃዊ አይሆንም። የያዝኩት ሙሉ ሽፋን ነው፣ ኮምፕሬሄንሲቭ የሚባለው፣ የሶስተኛ ወገንንም የራሴን መኪናም የሚሸፍነው። ፍርዴን ላስቀድም፣ ካሳ ላይ ከ5 ኮከብ 4 እሰጣቸዋለሁ፣ እድሳት ላይ ግን 1።

ካሳውን ቶሎ ልጨርሰው ምክንያቱም ብዙ የምወቅሰው የለኝም። ከዚህ ቀደም አንድ ሹፌር ከጎን ገጭቶኝ ስፖኪዮውን አውልቆት በሩን ጨፍልቆት ሄዶ ነበር፣ ያኔ ስደውል ስልኩ ተነሳ፣ ገማቹ መጥቶ አየ፣ ፎቶ አነሳ፣ ጋራዥ አስገባሁ፣ መለዋወጫውም ኦሪጅናል ነበር። የበሩ ቀለም ትንሽ ይለያል ብዬ ስናገር ያለ ክርክር አስደገሙልኝ። ጥፋቱ የሌላው ሹፌር ስለነበር ካሳ ላልጠየቀ ደንበኛ የሚሰጠው ቅናሼም አልተነካም። ኢንሹራንስ የሚፈተነው እዚህ ጋ ነው፣ እና ይሄን ክፍል አልፈውታል።

ወደ እድሳቱ ስንመጣ ግን ሌላ ድርጅት ነው የሚመስሉት። ጊዜው ሊያልቅ ሲል የእድሳት ደብዳቤ በኢሜል ላኩልኝ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በደማቁ እንኳን ደስ አለዎት ካሳ ባለመጠየቅዎ የሚያገኙት ቅናሽ ከ30 ወደ 40 በመቶ አድጓል ይላል። ደስ ይላል አይደል? ወረድ ስትሉ ግን የምትከፍሉት አረቦን ካምናው በ20 በመቶ ጨምሯል። ቅናሹ አድጎ ክፍያው እንዴት ጨመረ ትላላችሁ፣ መልሱ መነሻ ዋጋው ውስጥ፣ ማለትም ቅናሹ ሳይነሳለት ያለው ዋጋ ውስጥ ነው ያለው። አምና መነሻው 100 ነበር እንበል፣ 30 በመቶ ሲቀነስ 70 ይከፈላል። ዘንድሮ መነሻውን 140 ካደረጉት 40 በመቶ ቀንሰውም 84 ይመጣል። ከ70 ወደ 84 ማለት ደግሞ 20 በመቶ ጭማሪ ነው። ቅናሹን በደማቁ ጻፉት፣ መነሻው በ40 በመቶ መጨመሩን ግን የትም ቦታ አልጻፉትም፣ ካልኩሌተር ይዞ ያልተቀመጠ ሰው በጭራሽ አያየውም።

ገና አላለቀም። መኪናው አንድ ዓመት ስላረጀ የተገመተለትን ዋጋ በ10 በመቶ ዝቅ አድርገውታል፣ ማለትም መኪናው ሙሉ በሙሉ ቢወድም ወይ ቢሰረቅ የሚከፍሉኝ ካምናው ያነሰ ነው። ስለዚህ በ20 በመቶ የበለጠ እየከፈልኩ በ10 በመቶ ያነሰ ነገር ነው የምገዛው። አረቦኑን ለተሸፈነው ዋጋ አካፍላችሁ ካምናው ጋር ካስተያያችሁት እውነተኛው ጭማሪ 20 ሳይሆን 33 በመቶ ነው፣ ሲሶ በሉት። ኢንሹራንስ ስታድሱ ይቺን ማካፈል እባካችሁ ስሩ፣ ጠቅላላ ክፍያውን ብቻ ማየት ያታልላል።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ደግሞ በትንንሽ ፊደል ኤክሰስ የሚለው መስመር ተቀይሯል። ኤክሰስ ማለት ጉዳት ሲደርስ መጀመሪያ ከራሳችሁ ኪስ የምትችሉት ድርሻ ነው። አምና ቁርጥ ያለ ገንዘብ ነበር፣ ዘንድሮ የጉዳቱ 10 በመቶ ወይም ውሉ ላይ የተጻፈው ዝቅተኛ መጠን ከሁለቱ የሚበልጠው ሆኗል። ለትንሽ ጭረት ልዩነት የለውም፣ ፊት ለፊት ተጋጭታችሁ ኮፈኑ፣ ፓራውልቱ፣ ራዲያተሩ፣ መብራቱ አንድ ላይ ከሄደ ግን 10 በመቶው ብዙ ገንዘብ ነው፣ ኢንሹራንስ የምንገባው ደግሞ ለእንደዚህ ያለው ቀን ነው እንጂ ለጭረት አይደለም። እድሳት ሲባል ሰው ያው የቆየው ውል የቀጠለ ይመስለዋል፣ ግን ብዙ ጊዜ እድሳት ማለት አዲስ የአንድ ዓመት ውል ነው፣ ድርጅቱ ዋጋውንም ሁኔታውንም መቀየር ይችላል። መቀየሩን አልቃወምም፣ የተቀየረውን ነገር ለይቶ አለማሳየት ነው የሚያናድደኝ።

አሁን ለእውነት ያህል፣ ጭማሪው ሁሉ ከሜዳ የመጣ ነው አልልም። መኪና መጠገን ራሱ በጣም ተወዷል። ድሮ ፓራውልት ማለት ፕላስቲክ ነበር፣ አሁን ውስጡ ሴንሰር አለው፣ የፊት መስታወት ላይ ካሜራ ያለባቸው መኪኖች ደግሞ መስታወቱ ሲቀየር ካሜራውም እንደገና ካሊብሬት መደረግ፣ ማለትም በልኩ መስተካከል አለበት፣ ካልሆነ በራሱ ፍሬን የሚይዘው ሲስተም በትክክል ላይሰራ ይችላል። የኤልኢዲ መብራት ብዙ ጊዜ አምፖል ብቻ አይቀየርለትም፣ ሙሉውን ነው የሚቀየረው። በእ.ኤ.አ 2021 አካባቢ ደግሞ የቺፕ እጥረት ተፈጥሮ ፋብሪካዎች አዲስ መኪና ማምረት አቅቷቸው የአሮጌ መኪና ዋጋ ራሱ ሰማይ ነካ፣ መኪናው ሲወደድ ለወደመ መኪና የሚከፈለው ካሳም ይወደዳል። ኢንሹራንሶች ራሳቸው ደግሞ ኢንሹራንስ ይገባሉ፣ ሪኢንሹራንስ ወይም የጠለፋ ዋስትና የሚባለው ማለት ነው፣ ትልልቅ የተፈጥሮ አደጋ ሲበዛ የዚያም ዋጋ ይጨምርና ሄዶ ሄዶ እኛ ጋ ይደርሳል። ነገሩ የአንድ አገር ጉዳይም አይደለም፣ አሜሪካ ውስጥ በእ.ኤ.አ 2024 ማርችና ኤፕሪል ላይ የመኪና ኢንሹራንስ ዋጋ በአንድ ዓመት ብቻ ከ20 በመቶ በላይ ጨምሮ ነበር፣ ያ ደግሞ ከጠቅላላው የዋጋ ግሽበት እጅግ የራቀ ነው። ግን ደግሞ ዋጋ ወደ ታችም መውረድ እንደሚችል አይተናል፣ በእ.ኤ.አ 2020 በኮሮና ጊዜ ሰው ቤቱ ሲቀመጥ አደጋ ቀንሶ እዚያው አሜሪካ ብዙ ትላልቅ ኢንሹራንሶች ከአረቦኑ የተወሰነውን ለደንበኛ መልሰዋል። ሲፈልጉ ይችላሉ ማለት ነው።

እኔ የጠየቅኩት ይሄንኑ ነበር። ደውዬ ጭማሪው ከምን መጣ፣ ከመለዋወጫ ነው፣ ከእኔ ነው፣ ከመኪናው ሞዴል ነው አልኳት። ልጅቷ ትሁት ናት እሷን አልወቅስም፣ ግን መልሷ "ጋሼ ሲስተሙ ነው የሚያወጣው፣ እኛ ጋ አይታይም" ብቻ ነው። እህቴ ሲስተሙን ያስገባው ሰው አለ አይደል፣ ያ ሰው ምን አስገባ ስላት ለኃላፊ አስተላልፍልዎታለሁ አለች፣ ኃላፊውም ሲደውል የሰጠኝ መልስ "የገበያው ሁኔታ" የሚል ነው። የገበያው ሁኔታ መልስ አይደለም። የመድን ዋጋ የሚሰራው በአሃዝ ነው፣ ስንት አደጋ ደረሰ፣ በአማካይ ስንት ካሳ ተከፈለ፣ አስተዳደሩ ስንት ወሰደ እየተባለ ነው፣ ስለዚህ ከጭማሪው ስንቱ ከጥገና ስንቱ ከሌላው መጣ ብሎ ደንበኛ ሲጠይቅ ቢያንስ በግርድፉ መንገር ይቻላል።

ከዚያ ሌሎች ጋ ዋጋ ጠየቅኩ፣ አንድ ብሮከርም፣ የኢንሹራንስ ደላላ ማለት ነው፣ አነጋገርኩ። እዚህ ጋ ጠንቀቅ በሉ። በጣም ርካሹ የመጣልኝ ውል ሲታይ ኤክሰሱ እጥፍ ነው፣ የመስታወት ሽፋን የለውም፣ መኪናው ጋራዥ እያለ የምትነዱት ተተኪ መኪናም ተሰርዟል፣ ሁሉን ጨምሩበት ሲባል ዋጋው ከእኔው ድርጅት ብዙም አልራቀም። መሃል ላይ የነበረው ግን በተመሳሳይ ሽፋን በእውነት ይቀንስ ነበር። ያንን ወረቀት ለቀድሞው ድርጅት ስልክላቸው ምን ሆነ መሰላችሁ፣ በነጋታው ተደውሎ "ልዩ ቅናሽ አግኝተንልዎታል" ተባልኩና ጭማሪው ከግማሽ በላይ ወረደ። የገበያው ሁኔታ ያሉኝ ሰዎች እኮ ናቸው! ገበያው በአንድ ሌሊት አልተቀየረም፣ የተቀየረው እኔ ልሄድ እንደምችል ማወቃቸው ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ለዓመታት ሳይነጫነጭ የሚከፍል፣ በዕድሜ የገፋ፣ ወይ ስራ በዝቶበት ዋጋ ማወዳደር የማይችል ሰው ሙሉውን ጭማሪ ይከፍላል፣ የጮኸው ደግሞ ይቀነስለታል። ታማኝነት የሚሸለምበት ሳይሆን የሚቀጣበት አሰራር ነው። እንግሊዝ አገር ነገሩ ገፍቶ ስለመጣ የፋይናንስ ተቆጣጣሪው ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ለነባር ደንበኛ የእድሳት ዋጋ በተመሳሳይ መንገድ ለሚመጣ አዲስ ደንበኛ ከሚሰጠው ዋጋ እንዳይበልጥ ከልክሏል፣ ከዚያም በፊት ከእ.ኤ.አ 2017 ጀምሮ የእድሳት ደብዳቤ ላይ ያለፈው ዓመት ክፍያ ከአዲሱ ጎን እንዲጻፍ አስገድዷል። ካሊፎርኒያ ደግሞ በእ.ኤ.አ 1988 ህዝቡ በድምጽ ባጸደቀው ህግ ኢንሹራንሶች ዋጋ ከመጨመራቸው በፊት የግዛቷን ኢንሹራንስ ኮሚሽነር ማስፈቀድ አለባቸው፣ ዋጋውም በዋናነት በመንዳት ታሪክ፣ በዓመት በሚነዳው ርቀትና በመንዳት ልምድ ላይ እንዲመሰረት ተደርጓል። እንዲህ ያለ ህግ ባለበትም ዋጋው ይጨምራል፣ ጭማሪው ግን ተደብቆ አይመጣም።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ አረቦኑ ተወደደ ብላችሁ የመኪናውን ዋጋ ዝቅ አድርጋችሁ እንዳታስመዘግቡ። ብዙ ሰው ይሄን ያደርጋል፣ ኤጀንቶችም አንዳንዴ ራሳቸው ይመክራሉ። ብዙ ውሎች ውስጥ አቬሬጅ የሚባል አንቀጽ አለ፣ መኪናው የሚያወጣው 100 ሆኖ በ60 ካስመዘገባችሁት እና የ10 ጉዳት ቢደርስ የሚከፈላችሁ 6 ነው፣ ያውም ኤክሰሱ ሳይነሳ። ከገበያ ዋጋው በላይ ማስመዝገብም አይጠቅምም፣ ሲወድም ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው የገበያ ዋጋው ነው፣ ትርፉን አረቦን በነጻ ነው የሰጣችኋቸው። ለመቀነስ ከፈለጋችሁ የምትችሉትን ያህል ኤክሰሱን ከፍ ማድረግ ይሻላል፣ እሱም እውነት አደጋ ቢመጣ ያንን ገንዘብ ማውጣት የምትችሉ ከሆነ ብቻ። መኪናው በጣም ያረጀ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ሽፋኑ ራሱ ያዋጣል ወይ ብላችሁ አስቡ፣ ሶስተኛ ወገን ብቻ ሊበቃ ይችላል። በየወሩ መክፈልም ብዙ ጊዜ ወለድ አለው፣ ጠቅላላውን ደምራችሁ እዩ። ስትከራከሩ ደግሞ ቀኑ እንዳያልፍባችሁ፣ አሮጌው ውል ባለቀበትና አዲሱ ባልጀመረበት መሃል አደጋ ቢደርስ ማንም አይከፍላችሁም።

እኔ በመጨረሻ እዚያው ቀረሁ፣ ያስቀረኝ የካሳ አገልግሎታቸው ነው፣ ግን ኤክሰሱን ወደ ድሮው ቁርጥ ገንዘብ እንዲመልሱት በጽሁፍ አስገብቼ ነው የፈረምኩት፣ በቃል ይስተካከላል ያሉትን አልተቀበልኩም፣ እናንተም አትቀበሉ፣ ፖሊሲው፣ ማለትም የውሉ ሰነድ ላይ ያልተጻፈ ነገር ካሳ ሲጠየቅ አይቆጠርም። ለድርጅቱም በአስተያየት መስጫቸው ላይ የላክሁት ጥያቄ ቀላል ነው፦ የአምናው አረቦን፣ የአምናው መነሻ ዋጋ፣ የአምናው የተሸፈነ ዋጋና የአምናው ኤክሰስ ከዘንድሮው ጎን ለጎን አንድ ገጽ ላይ ይቀመጡ። እስካሁን መልስ አልመጣም፣ ከመጣ እዚሁ አሳውቃችኋለሁ፣ ያንን ገጽ የጨመሩ ቀን የእድሳቱን 1 ኮከብ ወደ 3 ከፍ አደርገዋለሁ።