ለሚያንጠባጥብ ሻወር፦ ጎሚኒውን ብቻ ወይስ ቫልቩን በሙሉ?

ሻወሩ ተዘግቶም ጠብ ጠብ ካለ፣ እጀታውን አጥብቆ መጠምዘዝ መፍትሔ አይደለም፤ እንዲያውም ውስጥ ሆኖ ውኃውን የሚዘጋውን ጎሚኒ (ትንሽ የጎማ ማሸጊያ) ይበልጥ ይጨፈልቀዋል። በሰከንድ አንድ ጠብታ በቀን 20 ሊትር ገደማ ይሆናል፣ ስለዚህ ቶሎ መጠገኑ ይሻላል።

ሙቅና ቀዝቃዛው ለየብቻ እጀታ ካላቸው እኔ መጀመሪያ የምሞክረው ጎሚኒ መቀየር ነው። ርካሽ ነው፣ ብዙ ጊዜም አይፈጅም። ዋናውን ውኃ ዝጉ፣ በቧንቧው ውስጥ የቀረውን አፍስሱ፣ የፍሳሹን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈኑ (ትንሿ ብሎን እዚያ ከገባች አለቀላት)። እጀታውን አንስታችሁ ከሥሩ ያለውን ክፍል ፈትታችሁ ስታወጡት ጫፉ ላይ ያለው ጎሚኒ መሃሉ ቀለበት መስሎ ከተቦረቦረ ጥፋተኛው እሱ ነው። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ልኩን ግዙ። ግን ጣታችሁን አስገብታችሁ ጎሚኒው የሚያርፍበትን ናስ ዳስሱት። ሻካራ ወይም የተሸረፈ ከሆነ አዲሱም ጎሚኒ ብዙ አይቆይም።

ያኔ ቫልቩን (ውኃውን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ዕቃ) በሙሉ መቀየር ያዋጣል። ወጪው ይበዛል፣ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ከሆነ ደግሞ ሴራሚክ መስበር ሊመጣ ስለሚችል ለባለሙያ ብትተዉት ይሻላል። ባለ አንድ እጀታ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ካርትሬጁን (እጀታው ሥር ያለውን፣ ውኃውን የሚከፍትና የሚዘጋውን ተነቃይ ክፍል) ብቻ አውጥቶ በተመሳሳዩ መተካት ይበቃል፣ ግድግዳም አይነካም።