ከአውራ ጣት አጥንት ኦፕራሲዮን በኋላ ምን ልግዛ? ጫማው፣ ክራንቹ፣ ሌላውም ሌላውም፣ በሐዋሳ መንገድ ሲታይ

መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንስማማ። የእግር አውራ ጣት ሥር ወደ ጎን የወጣውን አጥንት፣ ሐኪሞቹ ባንየን የሚሉትን፣ በኦፕራሲዮን ያስተካከለ ሰው የሚድነው ቀስ ብሎ ነው። አጥንቱ ተቆርጦ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ በብሎን ወይም በሽቦ ይያዛል፣ እስኪገጥም ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። እብጠቱ ደግሞ ከዚያም በኋላ ቶሎ አይለቅም። 6 ወር ሊቆይ ይችላል፣ አንዳንዱ ላይ ዓመት ይሞላል። ይህን ማንም ያልነገረው ሰው ሁለተኛው ወር ላይ እግሩን እያየ "ተበላሽቶብኛል ማለት ነው" ብሎ ይጨነቅና ያገኘውን ሁሉ መግዛት ይጀምራል።

እኔ የምለው ይህንን ነው፦ ብራችሁን መጀመሪያ ላይ አትጨርሱ። ብዙ ሰው ለመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ዕቃ ሲያሯሩጥ ይከርማል፤ ያ ጊዜ ግን አብዛኛው አልጋ ላይ ነው የሚያልፈው። ወጪ የሚገባው በኋላ ነው፣ ያበጠው እግር የወጉ ጫማ ውስጥ ልግባ ሲል። ዋጋ አልጽፍም፤ እኔ ጽፌ እናንተ እስክታነቡት ይለወጣል። የትኛው ከየትኛው እንደሚሻል ግን እነግራችኋለሁ።

ጠፍጣፋው ጫማ ወይስ ቡቱ?

ከሆስፒታል ስትወጡ ከሦስት አንዱን ይሰጧችኋል፣ ወይ ግዙ ይሏችኋል። አንደኛው ሶሉ እንደ ጣውላ የማይታጠፍ፣ ፊቱ ክፍት የሆነ፣ በቬልክሮ የሚታሰር ጠፍጣፋ ጫማ ነው። ሁለተኛው እሱን ይመስላል፣ ግን ከተረከዙ በኩል ወፍሮ ፊቱ አየር ላይ ይቀራል፣ የምትረግጡት በተረከዝ ብቻ ነው። ሦስተኛው እስከ ጉልበት ሥር የሚደርሰው ትልቁ ቡት ነው።

የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው የተሠራላችሁ የኦፕራሲዮን ዓይነት ነው። ቀለል ያለ የአጥንት መቁረጥ ከሆነ ብዙ ጊዜ በጠፍጣፋው ጫማ ቶሎ ያስረግጧችኋል። መሀል እግር ላይ ያለው መገጣጠሚያ እንዲጣበቅ ተደርጎ ከሆነ ግን ቡት፣ እንዲያውም ለሳምንታት ጭራሽ አለመርገጥ ሊታዘዝ ይችላል። ስለዚህ ጎረቤታችሁ በጠፍጣፋው ስለሄደች እናንተም ትሄዳላችሁ ማለት አይደለም። ሐኪሙን "ልርገጥ? በምን ያህል ክብደት? ከመቼ ጀምሮ?" ብላችሁ ሳትጠይቁ አትውጡ።

ሐኪሙ ምርጫውን ለእናንተ ከተወው እኔ ጠፍጣፋውን እመርጣለሁ። ቀላል ነው፣ አየር ያስገባል፣ ለሐዋሳ ሙቀትም ይስማማል። ቡቱ ውስጥ እግር ያልባል፣ ያሳክካል፣ ማታ ማውለቅ ራሱ እፎይታ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ቁመቱ ነው። አንዱን እግር ከፍ ስለሚያደርገው ከጥቂት ቀን በኋላ ዳሌና ወገብ ማመም ይጀምራል፣ ሰውም የጣቱን ትቶ ስለ ወገቡ ያማርራል። መፍትሔው ርካሽ ነው። የደህናውን እግር ጫማ ወደ ጫማ ሰፊ ወስዳችሁ ከቡቱ ጋር እኩል እስኪሆን ተጨማሪ ሶል አስለጥፉበት። ሰፊው አንድ ጥያቄ አይጠይቃችሁም፣ ከዚህ የባሰ ጉድ አይቷል።

ቡቱ የሚያሸንፍበትም ቦታ አለ። ሰው የሚጋፋበት ቦታ መዋል የግድ ከሆነባችሁ፣ መናኸሪያ አካባቢ የምትሠሩ፣ ገበያ ላይ የምትውሉ፣ ጣታችሁን የሚረግጥ ሰው አይጠፋምና ቡቱ ይከልላችኋል። ክረምት ላይም ጠፍጣፋው ፊቱ ክፍት ስለሆነ ጭቃና ውሃ በቀጥታ ፋሻው ላይ ነው የሚገባው። ፌስታል ማልበስ ለአጭር መንገድ ያግዛል፣ ግን እርጥብ መሬት ላይ ያንሸራትታል፣ ስለዚህ ፌስታሉን ከጫማው ውስጥ በኩል አድርጉት።

በተረከዝ የሚያስረግጠውን ደግሞ ሐኪም ካላዘዘ ራሳችሁ አትምረጡ። አስፋልት ላይ ምንም አይልም። ከዋናው መንገድ ታጥፋችሁ ወደ ሰፈር ውስጥ ኮብልስቶኑ ላይ ስትገቡ ግን ሰውነታችሁ ወደ ኋላ ይጎትታችኋል፣ ድንጋዩ እኩል አይደለም፣ ተረከዙም ክፍተቱ ውስጥ ይገባል። ከታዘዘላችሁ ያለ ክራንች አትውጡ።

መኪና የምትነዱ ከሆነ ደግሞ የትኛውም ጫማ ቀኝ እግር ላይ እያለ መንዳት የለም። ፍሬን በኃይል ረግጦ ማቆም እስክትችሉ፣ ሐኪሙም እስኪፈቅድ ቁልፉን ለሌላ ሰው ስጡ።

ክራንች፣ ዎከር፣ የጉልበት ስኩተር

ክራንች አትግዙ፣ ለምኑ። እውነቴን ነው። በየሰፈሩ አንድ ቤት አልጋ ሥር የተቀመጠ ክራንች አለ፣ ጎረቤት ጠይቁ፣ ዕድር ላይ አንሱት። የተዋሳችሁትን ግን ሳትፈትሹ አትደገፉበት። ከታች ያለው ጎማ ካለቀ ሴራሚክ ላይ ይጥላችኋል፣ ጎማውን ብቻ ገዝቶ መቀየር ይቻላል። ቁመቱ ደግሞ ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ በብብታችሁና በክራንቹ ጫፍ መካከል ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ መሆን አለበት። ክብደቱ የሚያርፈው መዳፍ ላይ ነው። ብብት ላይ ከተንጠለጠላችሁ ነርቭ ተጭኖ እጃችሁ ይደነዝዛል። ደረጃ ስትወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ስትወርዱ ክራንቹና የታመመው።

ዎከር፣ ባለ አራት እግሩ፣ ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎችና ክራንች ለሚያስፈራቸው የተሻለ ነው። ቤት ውስጥ እንደ እሱ የሚያስተማምን የለም። ደረጃ ላይ ግን አይሆንም፣ ባጃጅ ውስጥም አስገቡኝ ቢል ቦታ የለም።

የጉልበት ስኩተር በቪዲዮ አይታችሁት ይሆናል። ጉልበት ላይ ተንበርክኮ በሌላው እግር እየገፉ መንሸራተት ነው። ከውጭ ዘመድ ልላክላችሁ ቢል በትህትና "ሌላ ነገር ላክ" በሉት። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ያምራል፣ ኮብልስቶን ላይ ግን ትንንሾቹ ጎማዎች ይነክሳሉ፣ እናንተ ወደ ፊት ትሄዳላችሁ እሱ ይቀራል።

ቅዳሴ የማያስታጉሉ እናቶች መቋሚያቸውን እንደ ክራንች ሲደገፉበት ይታያል። መቋሚያ ጎማ የለውም፣ እግርን ከክብደት ለማሳረፍም አልተሠራም። ቤተ ክርስቲያን ጫማ ስለሚወለቅ ደግሞ እስኪፈቀድላችሁ ቅጽሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ማስቀደስ ይሻላል። በተለይ ለገብርኤል ንግሥ ሐዋሳ እንዴት እንደምትጨናነቅ ታውቃላችሁ።

እግር ከፍ ማድረጊያ፣ በረዶ፣ ጠያቂ

እብጠትን እንደ ከፍታ የሚያወርደው የለም። ከፍታ ማለት ግን እግር በርጩማ ላይ ማስቀመጥ አይደለም፣ ጣታችሁ ከልባችሁ በላይ መሆን አለበት፣ ማለትም ጋደም ብላችሁ። ለዚህ የተዘጋጀ ባለ ተዳፋት ትራስ ይሸጣል። እኔ ግን ሶፋ የሚሠሩ ቤቶች ሄዳችሁ ጠንከር ያለ ስፖንጅ በተዳፋት አስቆርጡ እላለሁ፤ ዋጋው ያንሳል፣ ቁመቱንም እናንተው ትወስናላችሁ። ተራ ትራስ ሌሊት ይሸሻል፣ ጠዋት ወለሉ ላይ ታገኙታላችሁ። ስፖንጁ ካልተገኘ ጋቢና ብርድ ልብስ አጣጥፋችሁ ከፍራሹ ሥር ክተቱ፣ ከላዩ አይደለም።

እንግዲህ ትልቁ ጠላት ጠያቂ ነው፣ እግዜር ይስጣቸውና። አንድ ትልቅ ሰው "እግዜር ይማርሽ" እያሉ ሲገቡ እግር ሰቅሎ መጋደም ነውር ይሆንብናል። እግሩ ይወርዳል። ቡና ይፈላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ሁለት ሰዓት ያልፋል፣ እግሩም ከፋሻው ሊፈነዳ ይደርሳል። ይቅርታ ጠይቃችሁ ጋቢ ጣል አድርጉበትና ሰቅላችሁ ቆዩ። ማንም አይቀየምም። ከተቀየመም ቡናውን ጠጥቶ ነው የሚቀየመው።

በረዶ ላይ ብዙ አታውጡ። ፋርማሲ የሚሸጠው ጄል ጥሩ ነው፣ መብራት እስካለ። በሃይላንድ ውሃ አቀዝቅዞ መጠቀም የተለመደ ነው፣ ግን ደርቆ ድንጋይ ስለሚሆን እግር ላይ አይተኛም። በረዶ ሰባብሮ ፌስታል ውስጥ፣ ፌስታሉን በፎጣ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ አለቀ። ፋሻው ወፍራም ከሆነ ቅዝቃዜው አያልፍም፣ ያኔ ከጉልበት ኋላ አድርጉት። እግሩ በማደንዘዣ ገና ደንዝዞ ሳለ ግን ቆዳ ሲቃጠል አይታወቃችሁምና ጠብቁ።

ማንም የማያወራው ሽንት ቤት

ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት ያለው ሰው ከኦፕራሲዮኑ ቀን በፊት ያስብበት። ቁጢጥ ሲባል የተቆረጠውም ቦታ ክብደት ያርፍበታል። መሀሉ ክፍት የሆነው የሽንት ቤት ወንበር በሕክምና ዕቃ መሸጫዎች ይገኛል፣ ታጥፎ ይቀመጣል፣ ከፍ ዝቅም ይላል። የብረት ሥራ ቤትም የፕላስቲክ መቀመጫ ያለው ወንበር ይበይድላችኋል። ይኸኛው ከባድ ነው ግን አይነቃነቅም፣ ግቢ ውስጥ ላለ ሽንት ቤት እሱ ይበልጣል። መታጠቢያ ላይ ደግሞ በርጩማ ላይ ተቀምጣችሁ እግሩን ወደ ውጭ ዘርጉት። ፌስታል በፕላስተር አስሮ ቀጥታ ሻወር ሥር መቆም ሁሌም ያስገባል።

በቴሌግራም የሚሸጡት

በጣት መሀል የሚገባ ሲሊኮን፣ ሌሊት የሚታሰር ማስተካከያ፣ "ያለ ኦፕራሲዮን በ30 ቀን" ምናምን። አጥንት በሲሊኮን አይመለስም። ከኦፕራሲዮን በኋላ አንዳንድ ሐኪሞች ጣቱ ቦታውን እንዲይዝ ማለያያ ያዝዛሉ፣ ከታዘዘ ፋርማሲ ግዙ። ካልታዘዘ ቁስሉ ሳይደርቅ መሀሉ የሚገባ ነገር አትፈልጉም። እግርን አጥብቀው የሚይዙ ረጃጅም ካልሲዎችም እንዲሁ፣ ስፌት ከወጣና ቁስሉ ከዘጋ በኋላ ሐኪም ሲፈቅድ ነው።

በመሀል አንድ ነገር ልናገር። ማታ ማታ ማበጥ፣ ሲወርድ መቅላት ሲሰቀል መመለስ፣ ጠዋት መድረቅ፣ ቆዳው መደንዘዝ፣ እነዚህ የተለመዱ ናቸው፣ ትዕግሥት ነው መድኃኒታቸው። መግል፣ ትኩሳት፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት ግን ዕቃ የሚያስገዛ ሳይሆን ወደ ሐኪም የሚያስሄድ ነው። ባታችሁ ካበጠና ካመማችሁ፣ በተለይ ትንፋሽ ካጠራችሁ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል። አዲስ አበባ ተሠርታችሁ 275 ኪሎ ሜትሩን ተቀምጣችሁ ለምትመለሱ ይህ የደም መርጋት ነገር በቀልድ አይታይም፤ የኋላ ወንበር ላይ እግር ዘርግታችሁ፣ ቁርጭምጭሚት እያንቀሳቀሳችሁ፣ መንገድ ላይ እያቆማችሁ ኑ። ሲጋራ የምታጨሱ ካላችሁ ደግሞ አጥንቱን የሚያዘገየው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚለበሰው ጫማ

ብሩ እዚህ ይውጣ። የምትፈልጉት ፊቱ ሰፊ፣ በክር የሚታሰር፣ ሶሉ ጣቶች ሥር ብቻ የሚታጠፍ ጫማ ነው። ጫማውን በሁለት እጅ ይዛችሁ እጠፉት፤ መሀሉ ላይ እንደ ቂጣ ከታጠፈ መልሱት። ክር የምለው ለጌጥ አይደለም። እግራችሁ ጠዋትና ማታ አንድ ዓይነት ስለማይሆን ማላላትና ማጥበቅ መቻል አለባችሁ።

አዲስ ስኒከር ከሱቅ ብትገዙ ሶሉ ትኩስ ነው፣ ቁጥር መምረጥ ይቻላል። ችግሩ ብዙዎቹ ፊታቸው ሹል መሆኑና ከላይ የለበሱት ሰው ሠራሽ ነገር ጭራሽ አለመለጠጡ ነው። ሰልባጅ ደግሞ ዕድለኛ ከሆናችሁ በሱቅ የማታገኙት ሰፊ የሩጫ ጫማ ያወጣላችኋል። ግን ጠረጴዛ ላይ አቁማችሁ ከኋላ እዩት፤ ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የሌላ ሰው አረማመድ ነው የምትገዙት። ሶሉን በጥፍር ጫኑት፣ ደርቆ ከሆነ በሳምንት ይላቀቃል። አገር ውስጥ የሚሠራ የቆዳ ጫማ ሦስተኛው ምርጫ ነው፣ ለቢሮ ለሚፈልግ እኔ የምመክረው እሱን ነው። ቆዳ ይለጠጣል፣ ጫማ ሰፊውም ጠባሳው የሚነካበትን ቦታ ብቻ ለይቶ ሊያሰፋው ይችላል።

ነጠላ ጫማ፣ ያ በአውራ ጣትና በቀጣዩ መሀል የሚገባው፣ ለወራት ይቅር። ጣት ጫማውን ለመያዝ ሲጨብጥ ያማል። በረባሶ ሶሉ የማይታጠፍ በመሆኑ ለዚህ እግር የተሠራ ይመስላል፣ ማሰሪያው ግን ልክ ጠባሳው ላይ ነው የሚያርፈው።

ልትገዙ ስትሄዱ ማታ ሂዱ፣ እግር ባበጠበት ሰዓት። ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀት ላይ ቆማችሁ እግራችሁን በእርሳስ ዙሩት፣ ወረቀቱን ቁረጡና ይዛችሁ ሂዱ። ጫማው ውስጥ ሲገባ ጠርዙ ከተጣጠፈ ጠባብ ነው፣ ሻጩ "ሲለበስ ይሰፋል" ቢልም። ሁለቱንም እግር ለኩ፣ ለትልቁ ግዙ። ከተስማማችሁ ደግሞ ቤት ምንጣፍ ላይ ብቻ አንድ ምሽት ተራመዱበት፣ ሶሉ ሳይቆሽሽ ይቀይርልኝ እንደሆነም ሻጩን ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁት።