የሞተርሆም ድርብ መስኮት በደብረ ብርሃን ማስጠገን፦ የተገለገልኩባቸው ቤቶች

ዘንድሮ በኅዳር ወር ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ሰሜን ሸዋ በመጣሁ ጊዜ፣ የአክስቴ ልጅ ከዓመታት በፊት ከአሜሪካ ያስመጣውን፣ አልጋ፣ ማብሰያና የውኃ ጋን የተገጠመለትን ሞተርሆም ለቤተሰብ ጉዞ ተውሼ ነበር። መኪናው በሞተሩም ሆነ በፍሬኑ የሚታማ አይደለም፤ ነገር ግን ከአልጋው ራስጌና ከምግብ ጠረጴዛው አጠገብ ያሉት ሁለቱ ባለ ድርብ መስታወት መስኮቶች በመካከላቸው ጉም ይዘው፣ ከውስጥም ከውጭም ቢወለወሉ የማይጠሩ ሆነዋል። ማለዳ፣ ሌሊት የጣለው ውርጭ ገና ሳይለቅ፣ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ጠብታ ቁልቁል ሲወርድ ይታያል፤ ከቀትር በኋላ ጠብታው ይደርቅና በታችኛው ጠርዝ ላይ የደረቀ የሳሙና አረፋ የሚመስል ነጭ መስመር ይቀራል። የአክስቴ ልጅ ችግሩን አስቀድሞ በስልክ ስለነገረኝ፣ እዚህ በቀላሉ የማይገኙ ጥቂት ዕቃዎችን በሻንጣዬ ይዤ መጥቻለሁ። የሚከተለው ግምገማ በዚህ ሥራ ደብረ ብርሃን ውስጥ የተገለገልኩባቸውን ቤቶች የሚመለከት ነው።

የቤቶቹን ሥራ ለመመዘን መስኮቱ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለቱን መስታወቶች ለያይቶ የሚያቆማቸው በዙሪያቸው የሚሄድ ቀጭን፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የአሉሚኒየም ዘንግ ነው። የዘንጉ ሆድ እርጥበት በሚመጥጡ ጥቃቅን ፍሬዎች የተሞላ ሲሆን፣ ወደ መካከል በሚመለከተው ፊቱ ላይ ያሉት ቀጫጭን ቀዳዳዎች የታሰረውን አየር ከፍሬዎቹ ጋር ያገናኙታል። ዘንጉና መስታወቱ የሚገናኙበት ቦታ ቡቲል በተባለ የሚጣበቅ ጎማ መሰል ማሸጊያ ይታሸጋል፤ ከእርሱ ውጭ ያለው ጠርዝ ደግሞ በፖሊሰልፋይድ ወይም በሲሊኮን ይደፈናል። እርጥበትን በዋናነት የሚከለክለው ቡቲሉ ነው፤ የውጩ ማሸጊያ መስታወቶቹን አጥብቆ ይይዛል። ማሸጊያው በአንድ ጥግ ሲላቀቅ የሚገባውን እርጥበት ፍሬዎቹ ለረጅም ጊዜ እየመጠጡ ስለሚደብቁት፣ ጉም የሚታየው ፍሬዎቹ ጠግበው ከዚያ በላይ መያዝ ሲያቅታቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ማሸጊያውንና ፍሬዎቹን ሳይነኩ ጉሙን ብቻ አድርቆ መመለስ ብዙ አይዘልቅም።

ሰሜን ሸዋ ለእንዲህ ዓይነቱ መስኮት ከባድ አገር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ30 በመቶ ያህል ያንሳል፤ በቆላማ ቦታ ባለ ፋብሪካ የታሸገ መስኮት ወደዚህ ሲመጣ፣ በውስጡ የታሰረው አየር መስታወቶቹን ወደ ውጭ እየገፋ ማሸጊያውን ይለጥጠዋል። ይህ ለቤት መስኮትም ቢሆን የሚደርስ ነው፤ የመኪናው መስኮት ግን በአንድ ቦታ አይቆምም። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ጣርማ በር የወጣ መኪና፣ ዋሻውን አልፎ በደብረ ሲና በኩል 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ሲወርድ፣ ከደብረ ብርሃን አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የከበደ ግፊት ይጠብቀዋል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ መስታወቶቹ ይነፋሉ፤ መልሰውም ይጨመቃሉ። የአክስቴ ልጅ ይህን መንገድ ለዓመታት ስለተመላለሰበት፣ ማሸጊያውን ያደከመው በመጀመሪያ ደረጃ ይኸው ዳገትና ቁልቁለት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሁለተኛውን ምክንያት ግን ያገኘልን ባለሙያ ነው።

አስቀድመን የሄድነው በዋናው መንገድ ዳር ወዳለ አንድ መስታወት ቤት ነበር። ባለቤቱ መኪናውን ከበር ላይ ሆኖ አየና፣ በውጩ መስታወት ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ በትራፓኖ ከፍቶ በኮምፕረሰር አየር እንደሚያደርቀው ነገረን። በመስታወቱ ጥግ ላይ በእሳት የተጠናከረ መስታወት መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም ስለነበረ ተቃወምኩ፤ እንዲህ ያለው መስታወት ከተጠናከረ በኋላ ሊቆረጥም ሊበሳም አይችልም፤ መብሻው ከነካው ሙሉ በሙሉ ተሰባብሮ ይረግፋል። ከዚህም በላይ ከኮምፕረሰር የሚወጣው አየር ማጣሪያና ማድረቂያ ከሌለው ራሱ እርጥበት ይዞ ይመጣል። ባለቤቱ መብሳቱን ተወና፣ እኔ ለሌላ ጉዳይ ወጣ ባልኩበት ሰዓት፣ በጠረጴዛው በኩል ያለውን መስኮት ሳይፈታ ዙሪያውን ከውጭ በሲሊኮን ለቅልቆ ጠበቀኝ። ሲሊኮኑ አፍንጫ የሚወጋ የአቼቶ ሽታ ነበረው፤ ሲደርቅ አሲድ የሚለቅ ዓይነት መሆኑ የሚታወቀው በዚሁ ሽታ ሲሆን፣ አሲዱ ቡቲሉን ስለሚጎዳ ለድርብ መስታወት አይመከርም። ይባስ ብሎ በክፈፉ ግርጌ ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎችም አብሮ ደፍኗቸዋል። በቀጣዮቹ ማለዳዎች ጠብታው ከበፊቱ በዛ። ቅሬታ ይዘን ስንመለስ ጥፋቱ የመኪናው እንጂ የሥራው እንዳልሆነ ነገሩን፤ ደረሰኝም አልሰጡንም። ለፍትሕ ያህል፣ በዚያው ቤት ለመደርደሪያ ሲቆረጡ ያየኋቸው ተራ መስታወቶች ጠርዛቸው ንጹሕ ነበር፤ ለቤት መስታወት የሚሄድ ሰው ላይከፋ ይችላል።

ሁለተኛው ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ በኩል ያለ አሉሚኒየም ቤት ነው፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እርሱ ነው። ሥራውን የያዘው ወጣት ባለሙያ ስለ ጉሙ ከመናገሩ በፊት ተንበርክኮ የክፈፉን ግርጌ እየዳሰሰ፣ «ጋሼ፣ ዝናብ ሲዘንብ ውኃው በየት ነው የሚወጣው?» ሲል ጠየቀኝ። የተደፈነውን ሲሊኮን በከተር ልጦ ቀጭን ሽቦ ወደ ቀዳዳው ሲያስገባ፣ ከአቧራ ጋር የተጋገረ የተርብ ጭቃ እየተቆረሰ ወጣ፤ ከጭቃው በኋላ ደግሞ ምንም ዝናብ ሳይኖር ውኃ ጠብ ጠብ አለ። ክፈፉ ውስጥ የሚገባው የዝናብና የእጥበት ውኃ መውጫ አጥቶ ስለሚተኛ፣ የመስኮቱ የታችኛው ጠርዝ ለወራት ውኃ ውስጥ ተነክሮ ኖሯል ማለት ነው። ማሸጊያው ከታች ጀምሮ የተላቀቀው ለምን እንደሆነ በዚህ ተገለጠ። «ይህን ሳናስተካክል አዲስ መስታወት ብንገጥምልዎ ለከርሞ ክረምት ተመልሰው ይመጣሉ» አለኝ። ብዙ ጋራዥ ደጅ ጠንቻለሁ፤ መጀመሪያ ምክንያቱን የሚፈልግ ባለሙያ ግን በየትም አገር ብርቅ ነው።

አፈታቱ ጥንቃቄ የተሞላበት ነበር። ከመኪናው ውስጥ በኩል ያለውን ቀለበት የያዙትን ብሎኖች በአጭር ካቻቢቴ እየፈታ በየተራቸው በካርቶን ላይ ሰካቸው፤ ክፈፉን ከግድግዳው ካላቀቀ በኋላ ድርቡን አውጥቶ፣ የትኛው መስታወት የውጭ የትኛውም የውስጥ እንደሆነ በፕላስተር ጻፈበት። የውጩን ማሸጊያ በከተር ካነሣ በኋላ፣ ሁለቱን መስታወቶች ከዘንጉ የለያቸው ሁለት ሰው ወዲያና ወዲህ በሚጎትተው ቀጭን የብረት ክር ነው። መስታወቶቹ በሳሙናና በውኃ፣ ቀጥሎም በአቼቶ ታጠቡ። የአልጋው በኩል ያለው ፍጹም ጠራ፤ የጠረጴዛው የውጭ መስታወት ግን ቢታሽም ነጭ ዳመናው አልለቀቀውም። ባለሙያው በጥፍሩ ፍቆ፣ «ይህ እድፍ አይደለም፤ መስታወቱ ራሱ ተበልቷል» አለ፤ ልክ ነው። በመስታወት ላይ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ውኃ ከመስታወቱ ውስጥ ሶዲየም እየሳበ ያወጣና ኃይለኛ አልካሊ ይሆናል፤ አልካሊውም የመስታወቱን ገጽ ይበላዋል። ጉሙ በታየ ጊዜ ቶሎ ማስፈታት የሚያዋጣውም ለዚህ ነው፤ የዘገየ ሰው መስታወቱንም ይገዛል።

እዚህ ላይ በመደብሩ የነበረውን ተራ ባለ 4 ሚሊሜትር መስታወት ቆርጦ መግጠም ለባለሙያው ቀላል ነበር፤ እርሱ ግን በሚንቀሳቀስ መኪና ላይ ተራ መስታወት ቢሰበር ስለት ሆኖ ሰው እንደሚጎዳ ተናግሮ እምቢ አለ። ልኩን በወረቀት ቀድዶ፣ ማዕዘኖቹ ክብ ስለሆኑም በካርቶን ናሙና አውጥቶ ወደ አዲስ አበባ ላከው፤ መስታወቱ በልኩ ከተቆረጠ በኋላ ተጠናክሮ በሕዝብ ማመላለሻ መጣ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም መጠበቁ አሰልቺ ነበር፤ ቀጠሮው ሲራዘም ግን ሳልጠይቅ ደውሎ ያሳወቀኝ ራሱ ነው።

ለመገጣጠሙ ፍሬዎቹና የቡቲሉ ጥቅል ከሻንጣዬ ወጡ። ፍሬዎቹ ክፍት ከተቀመጡ ከአየሩ እርጥበት እየሳቡ በሰዓታት ውስጥ ስለሚደክሙ በታሸገ ጣሳ መምጣት አለባቸው። ደህና መሆናቸውን ለማየት ጥቂቱን በባለሙያው መዳፍ ላይ አፍስሼ ጥቂት ውኃ ጠብ አደረግሁበት፤ ወዲያው ሞቀውና እየሣቀ እጁን አራገፈ። ዘንጉን በጥጉ ከፍቶ አሮጌዎቹን ፍሬዎች አፈሰሰ፤ አዲሶቹን ሞልቶም ቡቲሉን ያለ መቋረጥ ዙሪያውን አዞረው። የውጩን ጠርዝ ሽታ በሌለው፣ አሲድ በማይለቅ ሲሊኮን ደፈነ። የደብረ ብርሃን ሌሊት በኅዳር ከዜሮ በታች ስለሚወርድና ሲሊኮን በብርድ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ፣ መስኮቶቹን ወዲያው አልገጠማቸውም፤ ከቢሮው ግድግዳ አስደግፎ እስኪጠነክሩ አቆያቸው። በዚያው ከፍታ ላይ መታሸጋቸውም ጥቅም አለው፤ መኪናው ወደ ቆላ ሲወርድ መስታወቶቹ ወደ ዘንጉ ይጫናሉ እንጂ ማሸጊያውን እየገፉ አይለጥጡትም። ከተገጠሙ በኋላ ሸዋ ሮቢት ወርደን ስንመለስ መስታወቶቹ መካከላቸው ላይ በጥቂቱ ጎድጉደው የዛፎቹ ነጸብራቅ ተጣሞ ይታይ ነበር፤ ዳገቱን ስንወጣ ተስተካከለ። በማግሥቱ ማለዳ ውርጭ ከውጭ ነበር፤ በመካከል አንድም ጠብታ አልነበረም።

መስኮቶቹ ወልቀው በቆዩበት ጊዜ ያረፍንበት እንግዳ ማረፊያ ግቢው ሰፊ ነው፤ ቀዳዳዎቹን በላስቲክ የሸፈንንበትን መኪና ዘበኛው ሌሊቱን ሙሉ ጠብቆልናል፤ ሙቅ ውኃው ግን ማታ ብቻ ነው የሚመጣው። የዋጋውን ቁጥር አልጽፍም፤ የመስታወትና የሲሊኮን ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። አሉሚኒየም ቤቱ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱን ዕቃና የእጅ ዋጋ ለይቶ በወረቀት ሰጥቶናል፤ የወሰደው ቀብድ ከግማሽ በታች ሲሆን፣ በደረሰኙ ላይ የ6 ወር ዋስትና ጽፏል።

መኪናው አውሮፓ የተሠራ ከሆነ መስኮቱ አብዛኛውን ጊዜ መስታወት ሳይሆን ድርብ አክሪሊክ (ጥርት ያለ ፕላስቲክ) ስለሆነ ሥራው ይለያል፤ በጠርዙ ያለችውን ትንሽ ውታፍ ነቅሎ ሞቅ ባለ ደረቅ ቦታ ማቆየት ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። አክሪሊክን በቲነር ወይም በአልኮል መጥረግ ግን መላ ገጹን ያሰነጣጥቀዋል፤ ይህን ለባለሙያው አስቀድሞ መንገር ያሻል፣ በቲነር የሚያጸዳ አሉሚኒየም ቤት አይጠፋምና። ቤቱ ጎበጥ ያለ መስታወት አይሠራም፤ ፍሬዎቹንና ቡቲሉንም ራሱ አያቀርብም፤ ስለዚህ ሁለቱን ከውጭ ይዞ ያልመጣ ሰው መስኮቱን ከማስፈታቱ በፊት እነርሱን አፈላልጎ ማግኘት ይኖርበታል።