እሁድ ከሰዓት አራት ኪሎ፦ ያለ ደመወዝ የሚጫወተው ኦርኬስትራ

ዋናውን ላስቀድም፤ ይህን የበጎ ፈቃደኞች ኦርኬስትራ ለመስማት ሂዱ። መግቢያው በነጻ ነው፣ ልጅ ይዞ መግባትም ይቻላል። ቦታው ከድል ሐውልቱ በእግር የሚደረስበት የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። አስር ሰዓት ይጀመራል ተብሎ አስር ተኩል ካለፈ በኋላ ነው የተጀመረው። ይኼ ቢታረም ጥሩ ነው፤ ከሩቅ ሰፈር ታክሲ ተጋፍቶ የመጣ ሰው አለ።

ተጫዋቾቹ በሙሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የባንክ ሠራተኛ፣ የሕክምና ተማሪ፣ የሒሳብ አስተማሪ፣ ከፖሊስ ሙዚቃ ክፍል በጡረታ የወጡ ትራምፔት ነፊ አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ለማንም አይከፈልም። እኔ ይኼን አቅልዬ አላየውም።

አዲስ አበባ ለኦርኬስትራ እንግዳ አይደለችም። ግን የማውቃቸው ሁሉ በትእዛዝና በደመወዝ የቆሙ ናቸው። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ለዳግማዊ ምኒልክ የሙዚቃ መሣሪያ ላኩ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ለሙዚቃ ባንድ አስመጡ፤ “አርባ ልጆች” የምንላቸው ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት ሰው ናቸው። ከዚያ የክብር ዘበኛው፣ የፖሊሱ፣ የምድር ጦሩ ተከተለ። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም የራሱ ኦርኬስትራ ነበረው፤ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን የደከሙት እዚያ ነው።

አጎቴም ከነዚህ በአንዱ ትሮምቦን ነፊ ነበር። ጡረታ ሲወጣ መሣሪያውን ለንብረት ክፍል አስረክቦ፣ ፈርሞ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሲነፋ አላየሁትም። ያን ያየ ሰው፣ ደመወዝ ሳይኖር ማታ ማታ ተሰብስቦ የሚለማመድ ቡድን ሲያገኝ ዝም ብሎ አያልፍም።

ወደ ዝግጅቱ ልመለስ። ዋናው ሥራ የኦስትሪያው የሙዚቃ ደራሲ የሃይደን 94ኛ ሲምፎኒ ነበር። ሁለተኛው ክፍል ላይ ቫዮሊኖቹ ዜማውን ቀስ ብለው ይጀምሩታል። ሲደግሙት ደግሞ ጭራሽ ዝቅ ይላሉ፤ አጃቢዎቹ ክሩን የሚፈትጉበትን ዘንግ ትተው በጣት ይነካካሉ። ድንገት መላው ኦርኬስትራ አንዴ “ዷ!” ይላል። ከፊቴ የተቀመጠ ሕፃን ከእናቱ ጭን ላይ ዘለለ፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው ዓይኑን አልነቀለም። ቲምፓኒ (ድምፁ የሚቃኝ የኦርኬስትራ ከበሮ) ስለሌላቸው ያንን ምት የመቱት በትልቅ ከበሮ ነው። ድምፁ ወፈር፣ ሞቅ ያለ ነው፤ ለኔ ጆሮ በጣም ተስማምቶታል። ቲምፓኒ ቢገዙም ከበሮውን ባይተዉት እመርጣለሁ።

ጉድለቱንም ልናገር። ኦቦ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ የለም፤ ድርሻውን ክላርኔት ነው የሸፈነው። ከቫዮሊን ትንሽ የሚተልቁት ቪዮላዎች ሁለት ብቻ ስለሆኑ የመሃሉ ድምፅ ይሳሳል። ጣሪያው ዝቅ ያለ በመሆኑ ትራምፔትና ትሮምቦን ሲገቡ ቫዮሊኑ ይዋጣል። መጨረሻው ክፍል ላይ ፍጥነቱ ትንሽ አምልጧቸው ነበር፤ መሪዋ ግን ሳትደናገጥ ሰብስባ አመጣቻቸው።

በእረፍቱ ሻይ ይሸጣል። ቼሎ (ተቀምጠው የሚጫወቱት ትልቅ ቫዮሊን መሰል መሣሪያ) የምትጫወተውን ልጅ ስለ መሣሪያው ጠየቅኳት። “እትዬ፣ ክር ከተበጠሰ እኮ ውጭ ያለ ዘመድ እስኪመጣ መጠበቅ ነው” አለችኝ። የአንዱ ቫዮሊን ክር ሌላው ላይ ሲገጠም በዓይኔ አየሁ።

ኮንጎ፣ ኪንሻሳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተ፣ የኪምባንጊስት ቤተ ክርስቲያን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ አለ። ያቋቋመው አርማንድ ዲያንጊየንዳ አውሮፕላን አብራሪ ነበር። ሲጀምሩ መሣሪያ በፈረቃ ይጫወቱ፣ ክር ሲያጡ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ይገጥሙ ነበር። ዛሬ የቤቶቨንን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ከነመዘምራኑ ይጫወታሉ። የኛዎቹስ ምን ያንሳቸዋል?

ለምትሄዱ፦ በጊዜ ድረሱና በግራ በኩል ከፊት ተቀመጡ፤ ቫዮሊኑ ጎልቶ የሚሰማው እዚያ ነው። ቤታችሁ አቧራ የለበሰ ቫዮሊን ወይም ክላርኔት ካለ ይዛችሁ ሂዱ፤ ተሰብሮም ቢሆን ይቀበሉታል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ የቼሎ ክር አስመጡላቸው፤ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይዝም።