ሁለት የሙዚቃ ቤት ፊልሞች፣ አንድ የቱሉ ዲምቱ ማታ

ቅዳሜ ማታ ቱሉ ዲምቱ፣ ጓደኛዬ ኮንዶሚኒየም ቤት፣ ሁለት ፊልም አከታትለን አየን። «ኢምፓየር ሬከርድስ» እና «ሃይ ፊደሊቲ»። አንዱ እ.ኤ.አ. የ1995፣ ሌላው የ2000 ነው።

የመጀመሪያው የወጣቶች ጨዋታ ነው። አንድ ሠራተኛ የሱቁን 9,000 ዶላር ይዞ አትላንቲክ ሲቲ ይሄድና በቁማር ያስበላዋል። ያስቃል፣ ሙዚቃውም ይመቻል። ግን ሱቁ ጫማ ቤት ቢሆን ኖሮም ታሪኩ ብዙ አይለወጥም።

ሁለተኛው ሌላ ነው። ቺካጎ ውስጥ ያለ የሙዚቃ ሸክላ መሸጫ ቤት። አንድ አባት ለልጁ የስቲቪ ዎንደርን «አይ ጀስት ኮልድ ቱ ሴይ አይ ላቭ ዩ» ሊገዛ ይመጣል። ጃክ ብላክ የሚጫወተው ሻጭ ዘፈኑን ንቆ «አልሸጥም» ይለዋል። ዘፈኑ እኮ ሱቁ ውስጥ አለ! በሳቅ ፈረስኩ። በካሴት ዘመን የሰፈራችን ሙዚቃ ቤት ባለቤትም እንዲሁ ነበር። አዲስ ካሴት ስትጠይቀው ፊቱን ያጠቁርና «ይልቅ ይሄን ስማ» ብሎ ጥላሁንን ይከፍትልሃል።

ጓደኛዬ አሁንም ለመጀመሪያው ይሟገታል፤ ቀለል ይላል ባይ ነው። እኔ ደግሜ የማየው ሁለተኛውን ነው፣ ዋናው ሰውዬ ማማረር ቢያበዛም። መብራት የጠፋውም፣ ደግነቱ፣ እሱ ካለቀ በኋላ ነው።