የሚያዝያ በረዶ በአልፕስ ተራሮች፦ በማለዳ ወይስ ከቀትር በኋላ?

ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ ተገናኝተን እንጦጦን የምንወጣ ሰዎች በሚያዝያ ወር ወደ አልፕስ ተራሮች ለመጓዝ ስናስብ፣ በቅድሚያ ልንወስን የሚገባን የመነሻ ሰዓቱን ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ወቅት በረዶው ቀን በፀሐይ ይቀልጣል፣ ሰማዩ ጠርቶ ባደረበት ሌሊት ደግሞ መልሶ ይጠጥራል።

በማለዳ የሚነሳ ሰው እንደ ድንጋይ የጠጠረ ገጽ ያገኛል። እግር አይሰምጥም፣ ጉዞውም ይፈጥናል፤ ነገር ግን ዳገት ላይ የተንሸራተተ ሰው በቀላሉ ስለማይቆም ከጫማ ሥር የሚታሰር ባለጥርስ ብረትና የበረዶ መጥረቢያ የግድ ያስፈልገዋል።

ከቀትር በኋላ ያለው በረዶ ለስላሳነቱ ያታልላል። በክረምት አስፋልት ዳር የተከመረ በረዶ ላዩ ነጭ ሆኖ ሳለ ከሥሩ ውሃ ሲፈስ ሁላችንም አይተናል፤ በተራራውም ላይ ከበረዶው በታች የሚወርደው ጅረት ከሥር እየሸረሸረ ስለሚያሳሳው፣ ጠዋት ሰው የተሸከመው የበረዶ ድልድይ ከሰዓት በኋላ ሊደረመስ ይችላል። እግር እስከ ጉልበት ይሰምጣል፣ ጫማ ይርሳል፤ ከሁሉም የሚከፋው ግን ውሃ የጠጣው በረዶ ከዳገቱ ተላቆ የሚወርድበት ናዳ ነው።

ስለዚህ እኔ ያለ ማመንታት ማለዳን እመርጣለሁ። ሌሊቱ ደመናማ ሆኖ በረዶው ሳይጠጥር ካደረ ግን፣ በረዶ ወደሌለበት ዝቅተኛ መንገድ መውረድ ይሻላል።